በሩ ተከፍቷል፤ ደፉስ?

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብዬ፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀምጫለሁ። ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ማለት ከጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ አንዱ ሰው ግን አልተገኘም። ከጎኔ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ወጣት ነጭ ዘንጉን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቷል። ስልኩ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል፤ ፍጥነቱ እኔ አንድም ቃል የማልይዘው ዓይነት ነው። እሱ እቴ! ረጋ ብሎ ጣቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያንሸራትታል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?» አለኝ።

«ምን ገዶኝ፤ እዘዘኝ እንጂ።»

«እዚህ ላይ ሥዕል ሳይኖር አይቀርም። ስልኬ ‹ኢሜጅ› ይልና ዝም ይለኛል። ምን እንደሆነ ይነግሩኛል?»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ግራፍ ነው። ከሥሩ «ከላይ ባለው ግራፍ መሠረት ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» የሚል ጥያቄ አለ። መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የት ላይ እንደሚጎብጥ እየቆጠርኩ ነገርኩት። ሳላበቃ መልሱን ነካው። ትክክል! እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ያላየሁትን እሱ በጆሮው አይቶታል።

ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ለዕረፍት ቡሬ ገጠር ወላጆቹ ዘንድ ሊሄድ ነው። ስታትስቲክስ በኢንተርኔት በነፃ የሚያስተምር ኮርስ ጀምሯል። ሌሊት ሌሊት በርካሹ ጥቅል ያወርዳል፣ ቀን ቀን ያዳምጣል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ገፍቶ አሁን ሥዕሎቹ ላይ ቆመ።

«ማንም ይማር ብለው በነፃ ለቀውታል፤ እግዜር ይስጣቸው» አለኝ። «በሩስ ክፍት ነው ጋሼ። እኔን የሚጥለኝ ደፉ ነው።»

ወዳጆቼ፣ ይቺ ነገር ከራሴ አልወጣ አለች። እኛ ሁላችንም ስለ በር ነው የምናወራው። ትምህርት ተከፈተ፣ ዕውቀት ነፃ ወጣ፣ ዓለም በእጃችን መዳፍ ገባ እንላለን። ስለ ደፍ ግን ማን ያወራል? ደፍ ለለመደው ሰው አይታየውም፤ በየቀኑ ሳያስበው ይሻገረዋል። የሚያውቀው የተሰናከለበት ብቻ ነው። የትምህርት በር በተከፈተ ቁጥር ደፉ ማንን ጣለ ብሎ ለሚጠይቅ ደግሞ ከጎጃም የተሻለ መዝገብ የለም።

ክፍት ትምህርት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የጎንጅንና የዋሸራን የቅኔ ቤቶች ስም ያልሰማ አለ? ሁለቱም የጎጃም ናቸው። ወደ ጎጃም ጉባኤያት ተማሪው ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ በእግሩ ይመጣ ነበር። የመመዝገቢያ ክፍያ የለም። የመግቢያ ፈተና የለም። የኔታ ስለ ማስተማራቸው ከተማሪው ገንዘብ አይጠይቁም። ተማሪው ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ ገበሬውም ካለችው ይቆርስለታል። ስኮላርሺፑን የሚከፍለው ያ ማረሻውን ይዞ የሚውል ገበሬ ነበር ማለት ነው። ስሙ ግን በየትኛውም ዲፕሎማ ላይ አልተጻፈም።

ከነፃነቱ ይልቅ የሚደንቀው አሠራሩ ነው። ቅኔን ተማሪው ከወረቀት ላይ አይገለብጠውም። ቀን ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ «ይቆጥራል»፤ በልቡ ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ከተሳሳተ ይታረማል፤ ነገም ይሞክራል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው እስከ መወድስና ከዚያም በላይ ሲወጣ ማንም «ጊዜህ አልቋል» ብሎ ደወል አይደውልበትም። አንዱ በአንድ ዓመት የሚዘልቀውን ሌላው በሦስት ዓመት ይዘልቀዋል፤ ሁለቱም ባለቅኔ ይባላሉ። የበረታው የደከመውን ያስቀጽላል፤ እያስቀጸለም ራሱ ይማራል። ዛሬ የትምህርት ባለሙያዎች «በራስ ፍጥነት መማር»፣ «ከጓደኛ መማር» እያሉ በሴሚናር የሚያስተዋውቁን ነገር እኮ ይኸው ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት ማየት የተሳነው ልጅ ከማን ያንሳል? ትምህርቱ በጆሮ ይገባል፣ በልብ ያድራል፣ በአንደበት ይወጣል። ለእሱ ተብሎ የተለየ ነገር አልተሠራም፤ ቤቱ ከመሠረቱ እንዲያ ነው። ስለዚህም ነው በየጉባኤው ዓይነ ስውር ተማሪ፣ ከዚያም አልፎ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር ዓይነ ስውር መምህር ማየት እንግዳ ያልነበረው።

እዚህ ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማንሣት ግድ ነው። የጎጃም ሴት ናቸው። ዓይናቸው አያይም ነበር። ነገር ግን ቅኔ ከአባታቸው ተምረው፣ ተምረውም መምህር ሆነው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። ስማቸውን ስናነሣ ብዙ ጊዜ «ይገርማል!» ብለን እናልፋለን። እስቲ ቆም ብለን እናስተውለው። ዓይናቸው አለማየቱ ከቅኔ ቤት አላስቀራቸውም፤ ለዚያ ደፉ ዝቅ ያለ ነበር። ሊያስቀራቸው ይችል የነበረው ሴት መሆናቸው ነው። ያንን የተሻገሩት ጉባኤው የአባታቸው ቤት ስለነበረ ነው። በሩ ደጃቸው ላይ ሆነላቸው። የአባቷ ቤት ጉባኤ ያልሆነላት፣ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ ስትመለስ በአጥር በኩል ቅኔ ሲነገር ሰምታ ያለፈች ስንት ገላነሽ ነበረች? አኩፋዳ ይዛ አገር ለአገር የምትዞር ሴት ልጅ በዚያ ዘመን የማትታሰብ ነበረች። «ሴት አትማርም» የሚል አዋጅ መጻፍ አላስፈለገም። ለምኖ አዳሪነቱ ራሱ፣ ከሜዳ ማደሩ ራሱ ደፍ ሆኖ አስቀራት።

ሌላም አለ። ለማያየው ልጅ በር የሆነው ጆሮ፣ መስማት ለተሳነው ልጅ ግድግዳ ነበር። ያንኑ አሠራር አንዱ ገብቶበት ሊቅ ሲሆን ሌላው በዚያው ሳቢያ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የድሮውን እያሞገስን ብቻ አንለፍ። ለሁሉም የሚሆን አንድ በር የለም። በር በሠራን ቁጥር «ይኸኛው ማንን አስቀረ?» ብለን ሁለተኛ በር መክፈት ነው ያለብን።

ሁለተኛው ትልቅ በር የተከፈተው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ዕድሜያችሁ የሚፈቅድላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከዋርካ ሥር፣ ከገበሬ ማኅበር አዳራሽ፣ በኩራዝ ብርሃን ሳይቀር እናቶች ልጅ አዝለው፣ አባቶች ጋቢያቸውን ደርበው ፊደል ቆጠሩ። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እስከ ዐሥራ አምስት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት በዩኔስኮ በኩል ተሰጠው።

የዚያ ዘመቻ ብልሃት ምን ነበር? ትምህርቱ ተማሪው ወዳለበት ሄደ። ሴቲቱ አኩፋዳ ይዛ አገር መዞር አልነበረባትም፤ መምህሩ ቀበሌዋ ድረስ መጣላት። ሰዓቱም ከሥራ መልስ ሆነላት። ቋንቋውም የራሷ ሆነ። ቅኔ ቤት ያስቀራትን ደፍ ዘመቻው ጠረበው። ግን አሁንም ሐቁን እንናገር። ጫናም ነበረበት፤ በውድ ብቻ የመጣ ሁሉ አልነበረም። ደግሞም ዘመቻው አለፈ፤ ፊደል የለየው ገበሬ እጅ ላይ የሚነበብ ነገር ሳይደርስ ቀረ። ስሙን መጻፍ የቻለ ሰው ዓመታት ቆይቶ ተመልሶ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ። በሩን አልፎ የገባው ሰው ውስጡ ባዶ ሆኖ ካገኘው ምን ያድርግ? ይወጣል እንጂ!

ሦስተኛውን በር የዛሬዎቹ ጎልማሶች በደንብ ያውቁታል፤ ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በሳተላይት ይመጣል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ለአዲስ አበባ ልጅ የሚሰጠው የፊዚክስ ትምህርት ለገጠር ከተማው ልጅም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጥራት ይድረሰው ነው። ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሙከራ በዓይኑ ይይ ነው። ከዚህ በላይ እኩልነት አለ?

ታዲያ ምን ሆነ? ፕላዝማው አይጠብቅም። የሩቅ አገር ቅላፄ ባለው እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ «አሁን መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ» ይላል፤ ተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ሰጥቶ ያልፋል። መምህሩ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ፣ በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በመሐል እንደ ተማሪው ቆሞ ያያል። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት ጠፋ፤ ሳተላይቱ ተመልሶ አያስረዳም። ማየት የተሳነው ተማሪ «ይህንን ተመልከቱ» ሲባል ምኑን ይመልከት? መስማት የተሳነው ደግሞ የሚንቀሳቀስ አፍ እያየ ይውላል። የሚያየውና የሚሰማው እንኳ ግማሹ አመለጠው።

የኔታንና ፕላዝማውን አስተያዩልኝ። የኔታ መብራት የላቸውም፣ ሳተላይት የላቸውም፤ አንድ ነገር ግን አላቸው፤ ይጠብቃሉ። ተማሪው እስኪገባው ይጠብቃሉ፤ ሲሳሳት ይሰሙታል። ፕላዝማው ሁሉም ነገር አለው፤ መጠበቅ ብቻ የለውም። ይኼ የዘመናዊነትና የኋላ ቀርነት ጉዳይ አይደለም። አንደኛው የተሠራው ከፊቱ ላለው ተማሪ ነው፤ ሌላኛው አይቶት ለማያውቀው፣ በሐሳቡ ለሣለው ተማሪ ነው። በሐሳብ የተሣለ ተማሪ ደግሞ ሁልጊዜ ያያል፣ ይሰማል፣ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ መብራትም አይጠፋበትም።

እንግዲህ አራተኛው በር የዛሬው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት መምህራን በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርታቸውን በኢንተርኔት ለዓለም ከፈቱ። 160 ሺህ ያህል ሰው ተመዘገበ። በዓመቱ በ2012 ኮርሴራና ኢዲኤክስ የሚባሉት መጡ። ዓለም ጨፈረ። ቡሬ ያለ ልጅ ከሃርቫርድ ተማረ ማለት ነው ተባለ። ቆይቶ ሲቆጠር ግን በእንዲህ ያሉ ኮርሶች ከሚመዘገበው ሕዝብ የሚበዛው መሐል መንገድ ላይ የሚቀር ሆነ። የሚፈጽመው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት እንኳ አይሞላም።

በዚያው በአሜሪካ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በርክሌ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርቶቹን በቪዲዮና በድምፅ ለሕዝብ በነፃ ለቆ ነበር። መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ወገን «እኛ የምንከታተልበት ጽሑፍ ከሥሩ የለውም» የሚል አቤቱታ መጣ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱም በ2016 አቤቱታው ልክ ነው አለ። ዩኒቨርሲቲው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ2017 ከ20 ሺህ በላይ የሆኑትን ቅጂዎች ከሕዝብ ዓይን አነሣቸው። ደፉን ከመጥረብ በሩን መዝጋት ረከሰበት! ሰዎቹ «እኛንም አስገቡን» ባሉ «እንግዲያው ማንም አይገባም» ተባለ። ሃርቫርድና ኤምአይቲም በ2015 በተመሳሳይ ጉዳይ ተከስሰው ነበር፤ እነሱ ግን በኋላ ተስማምተው ቪዲዮዎቻቸው ላይ ጽሑፍ ለማስገባት ግዴታ ገቡ። አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ሁለት ዓይነት መልስ።

«የአሜሪካን ክርክር ለእኛ ምን ታመጣብናለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲህ ነው ነገሩ። ያ ከቪዲዮው ሥር የሚሄድ ጽሑፍ መስማት ለተሳነው ሰው ተብሎ ተጠየቀ። የሚጠቀምበት ግን እሱ ብቻ ነው? ፈረንጁ በአፍንጫው ሲናገር ያልያዘው፣ ተጽፎ ሲያየው ግን የሚገባው የቡሬ ልጅስ? ቪዲዮ ለማውረድ ብር የሌለው፣ ጽሑፉን ብቻ በጥቂት ሳንቲም የሚያወርደውስ? መናኸሪያ ጫጫታ ውስጥ የሚያጠናውስ? ለአንዱ የተጠረበ ደፍ ለሁሉም ያገለግላል። ነፍሰ ጡሯም፣ አዛውንቱም፣ እንጨት የተሸከመውም ያልፍበታል።

በእኛም አገር በሮች እየተከፈቱ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ፤ ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስንና የአንድሮይድ ሥራን በኢንተርኔት በነፃ መማሪያ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ኮርሶቻቸውን ወደ ኢንተርኔት እያወጡ ነው። ጥሩ ነው፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ያ ፕሮግራም ሲጀመር በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያለ ወጣት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ አስታውሱ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በግጭቱ ሳቢያ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ድሮ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ስሟ ተለውጦ የሰላም መንገድ፣ ፍኖተ ሰላም ተባለች፤ የሰላም ነገር ግን መንገዱ ላይ ቀረባት። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ነው ከማንም በላይ የኢንተርኔት ትምህርት የሚያስፈልገው፤ ኢንተርኔቱም የጠፋው እሱው ዘንድ ነው።

ይኼ ደፍ የኮርስ አዘጋጅ የሚጠርበው አይደለም፤ የመንግሥትና የሰላም ጉዳይ ነው። አዘጋጁ የሚጠርበው ግን ሞልቷል፤ አብዛኛውም ርካሽ ነው። ለምሳሌ ፊደላችን ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የየራሳቸው ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ለዓይነ ስውሩ ስልክ ግን ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ዛሬም በእነዚያ ፎንቶች የሚጽፍ መምህር አለ። ሞጁሉን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚለቅም አለ። ለእሱ ያው ጽሑፍ ነው፤ ለዚያ ወጣት ስልክ ግን «ኢሜጅ» ነው። ያንኑ ሞጁል በዩኒኮድ ጽፎ መልቀቅ ስንት ብር ይጠይቃል? ግራፉን በሁለት ዐረፍተ ነገር መግለጽስ? ድምፁን ለብቻው ማውረድ እንዲቻል ማድረግስ? ፈተናው በሃያ ደቂቃ ከሚዘጋ፣ ኔትወርክ እስኪመለስ ክፍት ቢቆይስ? ዋናውን ሐሳብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በምልክት ቋንቋ ማስረዳትስ?

ሕጉማ አለን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። መጻሕፍት ማየት ለተሳናቸው በሚሆን መልክ እንዲባዙ የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች። ሰዎቹም አሉን። ከአማራ ሳይንት በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ የተነሣችው የትነበርሽ ንጉሤ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ለእሷ ደግሞ በሩ የተከፈተው ከሠፈሯ ርቃ ሄዳ ነው። ሁሉም ልጅ ሻሸመኔ መድረስ አይችልም። የኢንተርኔት ትምህርት ትልቁ ተስፋም ይኸው ነበር፤ ልጅቷ ወደ ትምህርቱ ሳትሆን ትምህርቱ ወደ ልጅቷ እንዲመጣ።

እንግዲህ ኮርስ የምታዘጋጁ መምህራን ሆይ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ማየት የተሳነው አንድ ተማሪ፣ መስማት የተሳነው አንድ ተማሪ፣ ርካሽ ስልክ የያዘች አንዲት የገጠር ልጅ ጠርታችሁ «እስቲ ግቡበት» በሏቸው። እናንተም ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ደፉ የት እንዳለ በዐሥር ደቂቃ ያሳዩአችኋል።

ወደዚያች ቡና ልመለስ። ለወጣቱ ሁለተኛውን ግራፍ ሳነብለት ረዳቱ «ሞላ! ሞላ! እንሂድ!» ብሎ መጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል። ስልኩን ሊያጥፍ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ጨርስ» አልኩት።

ረዳቱ አጉረመረመ፤ «ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!»

«እናንተ ሰው እስኪሞላ አንድ ሰዓት አስጠብቃችሁን የለ? አንድ ደቂቃ ጠብቁና።»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ፤ ረዳቱም ሳቀና ጠበቀ። ግራፉን ነገርኩት። አሰበ፤ ነካ። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን መንገድ ከጀመርን በኋላ ዘወር ብሎ «ስንት ሥዕል እንደቀረኝ ያውቃሉ ጋሼ?» አለኝ።

«ስንት?»

«አርባ አንድ።»

እኔ ቡሬ ላይ ወረድኩ።